የግብር ኦዲተር ልሁን ወይስ የአጎቴን ሒሳብ ልያዝ?

ውድ እህቴ፣

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቀሽ በከተማው ገቢዎች መምሪያ ለጀማሪ የግብር ኦዲተርነት ፈተናውን እንዳለፍሽና መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር እንደሆነ ጽፈሽልኛል። አባትሽ ካረፉ ወዲህ ያሳደጉሽ አጎትሽ ደግሞ በግንባታ ዕቃ መደብራቸው ሒሳብ እንድትይዢላቸው በወር 20,000 ብር አቅርበውልሻል፤ ለመንግሥት የሚቀርበው መዝገብ ከእውነተኛው የተለየ እንደሚሆንም አልደበቁሽም። ገበያ ላይ ጉልት የሚሸጡት እናትሽ በበኩላቸው «ከድሃ እየነጠቀች የምትበላ ልጅ የለችኝም» ብለውሻል።

ምክሬን ሳላድበሰብስ ላስቀድም፤ ወደ ገቢዎች መምሪያው ግቢ።

የአጎትሽ ውለታ አይካድም። ይሁን እንጂ ልብስሽንና ደብተርሽን እሳቸው ቢችሉም፣ የመምህራንሽን ደመወዝ የከፈለው የሕዝብ በጀት ነው፤ የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሚ ያየሽው ዕዳ የትምህርትሽን ወጪ የሚሸፍነው በከፊል ብቻ ነው። ስለዚህ ውለታ የሚቆጠር ከሆነ ስማቸውን የማታውቂያቸው ብዙ ሰዎችም አብረው ሊቆጠሩ ይገባል። ደግሞም ደንበኛው በገዛው ሲሚንቶ ላይ የከፈለው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የአጎትሽ ገንዘብ አይደለም፤ ለመንግሥት እንዲያደርሱት በአደራ የተቀበሉት ነው። ሁለተኛው መዝገብ የሚያስፈልገው ይህን አደራ ለማስቀረት ነው፤ ያቀረቡልሽ 20,000 ብርም በከፊል ከዚያው የሚወጣ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር የሚሰውረውን ብቻ ሳይሆን የሚረዳውንም በወንጀል ይጠይቃል፤ መዝገቡን በእጇ የጻፈችው ደግሞ አንቺ ትሆኛለሽ። የሚወድሽ ዘመድ ይህን ሊጠይቅሽ አይገባም ነበር።

የእናትሽን ቃል ግን በሌላ ዓይን አየዋለሁ፤ ከልምድ የመጣ ነውና። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት በየመንደሩ ሲካሄድ፣ መዝገብ የሌላቸው ትንንሽ ነጋዴዎች ከአቅማችን በላይ ተገመተብን ብለው መማረራቸው ይታወሳል። ጉልት የምትሸጥን እናት በግምት እያስጨነቁ፣ ሕንጻውን ባነሰ የኪራይ ውል የሚያስመዘግበውን ባለሀብት በዝምታ ማለፍ ግፍ ነው፤ እናትሽ ነጠቃ ያሉት ይህንን ከሆነ አብሬያቸው ነኝ። ነገር ግን ይህን የሚያስተካክለው ደረሰኝና የኪራይ ውል በጥንቃቄ የሚመረምር፣ ግምቱን በማስረጃ የሚያስደግፍ ባለሙያ ነው። አንቺን የመሰለ ልጅ ከቦታው ከራቀ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ የድሃ ልፋት የማይሰማው ሰው ይይዘዋል።

እኔ ለረጅም ዓመታት በጣና ዳርቻ ወረዳዎች የገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ባለሙያ ነበርሁ። ከክልሉ የሚላከው ጥቅል ድጎማ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ይሄዳል፤ ለመድኃኒት፣ ለውሃ ጉድጓድ ጥገናና ለትምህርት ቤት ሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ሲሞከር ፎገራ አንዱ ነበር። በዚህ መድን የድሃ ድሃ የሚባሉ አባወራዎችን መዋጮ የሚከፍለው የመንግሥት በጀት ነው፤ ስንቱ ድሃ እንደሚመዘገብም በጀቱ በሚችለው ልክ ይወሰናል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ብረት ወረታ አጠገብ ካለች የታመመች እናት ጋር የተያያዘ ነው። የአገራችን የግብር ገቢ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት 10 በመቶ እንኳ በማይሞላበት ጊዜ፣ ድህነትን በልመናና በብድር እናጠፋለን ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው።

አጎትሽ «መንግሥት ከደመወዝሽ 30 በመቶ ይወስድብሻል» ማለታቸው የተሳሳተ ስሌት ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት መጣኔ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ ይቆረጣል። 30 በመቶው የሚያርፈው በቀሪው 1,500 ብር ላይ ብቻ ስለሆነ ጠቅላላ ግብርሽ 2,100 ብር ነው። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 805 ብር ሲቀነስ፣ የወጪ መጋራቱን ሳንቆጥር 8,595 ብር እጅሽ ይገባል። ብዙ ያለው ብዙ ይክፈል የሚለው መርህ ትክክል ነው፤ ቅሬታዬ መርሁ ወደ ላይ ሲሄድ ቶሎ መቆሙ ነው። ከፍተኛው 35 በመቶ ከ14,000 ብር በላይ ስለሚጀምር፣ 15,000 የሚያገኘውና 200,000 የሚያገኘው በመጨረሻዋ ብር ላይ የሚከፍሉት መጣኔ አንድ ነው። ከላይ ሌላ እርከን እንዲጨመር፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስም በባለሕንጻዎቹ ላይ በእውነት እንዲሠራ እሻለሁ።

8,595 ብር ቤት ተከራይቶ ለመኖር እንደማይበቃ አውቃለሁ። ለጊዜው ከእናትሽ ጋር ኑሪ፤ ለአጎትሽ የምትመልሺው ውለታ ካለም ከደመወዝሽ በምትችዪው መጠን ይሁን። እጅ መንሻ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ አይጠፋም፤ የመጀመሪያውን ስትመልሺ ወሬው ይዳረስና ሌላው ይጠነቀቃል።

አዲስ አበባ ሄጄ ሥራ ልፈልግ ወይ ላልሽው፣ በእጅሽ ያለውን ሥራ ጥለሽ አትሂጂ። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ፈተና ሥራ ከለመድሽ በኋላ ቀስ እያልሽ መጀመር ትችያለሽ።

ለአጎትሽ በስልክ ሳይሆን ቤታቸው ሄደሽ ንገሪያቸው፤ ምስጋናሽን አስቀድሚ፣ ሁለተኛውን መዝገብ እንደማትይዢም በግልጽ ተናገሪ። መደብራቸው የዚያው መምሪያ ግብር ከፋይ ስለሆነ፣ ሥራ በጀመርሽበት ቀን ዝምድናሽን ለቅርብ ኀላፊሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ የእሳቸው ፋይል ወደ አንቺ እንዳይመራ ጠይቂ፣ የደብዳቤውንም ግልባጭ አስቀሪ።