በ66 ዓመት የተሞላ አጥንት ይይዛል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከብቸና ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ 66። የታች መንጋጋ ጥርሴን ካስነቀልኩ 3 ዓመት ሆነኝ። ባሕር ዳር ሄጄ ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ላስተክል ስል "አጥንትዎ ሳስቷል፣ መጀመሪያ መሞላት አለበት" አሉኝ። የጎረቤቴ ልጅ አስሞልቶ በ4 ወሩ ጥርሱን አስተክሏል። የእኔ ልጆች ግን "አባባ፣ በዚህ ዕድሜ አጥንት አይገጥምም፣ ገንዘብዎን አያባክኑ" ይሉኛል። እውነት ነው? ስኳርም አለብኝ፣ ኪኒን እወስዳለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆችዎ የተናገሩት ለእርስዎ አስበው ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ያዘገያል እንጂ።

ሐኪሙ የሚሞላው ደቃቅ ነገር እንደ ጭቃ ቤት ማገር ነው፤ ጭቃውን የሚመርገው የራስዎ ሰውነት ነው። መጀመሪያ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገቡበታል፣ ከዚያ አጥንት የሚሠሩ ህዋሳት ይከተላሉ፣ ቀስ በቀስም በመሃሉ አዲስ አጥንት ይሠራሉ። በ25 ዓመት እነዚህ ህዋሳት ብዙ ናቸው፣ በ66 ግን ቁጥራቸውም ፍጥነታቸውም ይቀንሳል። ስለዚህ የጎረቤትዎ ልጅ በ4 ወር ከጨረሰ እርስዎ 6 ወር ቢጠብቁ፣ የተሞላው ቦታ ሰፊ ከሆነ ደግሞ እስከ 9 ወር ቢሄድ አይደንግጡ። ራጅ ታይቶ አጥንቱ መያዙ ሳይረጋገጥ ኢምፕላንት ይተከልልኝ ብለው አይቸኩሉ።

እኔን ከዕድሜዎ ይልቅ ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት፣ ስኳሩ። ያልተያዘ ስኳር ቁስልን ያዘገያል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል። የ3 ወር አማካይ የስኳር ምርመራ ያሠሩ፤ ብዙ ሐኪሞች ከ7 በመቶ በታች፣ ቢበዛ ከ8 ያልበለጠ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ሲጋራ ካለም ይቁም፣ የደም ሥርን ያጠብባል። ስኳሩን የያዘ የ70 ዓመት ሰው ከሚያጨስ የ35 ዓመት ጎረምሳ የተሻለ ሲድን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ይህን የምታነቡ እናቶችም ስሙኝ፦ ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት የምትውጡ ወይም የዞሌድሮኒክ አሲድ መርፌ የምትወጉ ካላችሁ ለጥርስ ሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ያደርጋል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ጥርስ ገና የምታስነቅሉም፣ በመጀመሪያው ዓመት የአጥንቱ ስፋት እስከ ግማሽ ሊሳሳ ይችላል፣ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ስለ አጥንት መሙላት ያኔውኑ ጠይቁ።

ጋሼ፣ ከተሞላልዎ በኋላ ቆሎ ይቅርብዎ። ጾም ከሆነ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሽሮ፣ የምስር ክክ በርዶ ይብሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቅዎ ውስጥ አሸዋ የሚመስል ጥቂት ፍሬ ቢያገኙ ችግር የለውም። እብጠቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ እየባሰ ከሄደ ወይም መግል ካዩ ግን ቀጠሮዎን አይጠብቁ፣ የዚያኑ ዕለት ለሐኪምዎ ይደውሉ።