የአዛውንት ፎቶ ሁልጊዜ ለምን ያሸንፋል?

ጥያቄ፦ ሃያ ያህል አባላት ያሉት የአማተር ፎቶ አንሺዎች ክበብ አለን። በየወሩ የፖርትሬት (የሰው ምስል) ውድድር እናደርጋለን። ዳኛ የለንም፤ በቴሌግራም ግሩፓችን እያየን ከ10 ነጥብ እንሰጣለን። አሸናፊው ግን ከሁለት ዓይነት አይወጣም፦ ወይ ጋቢ የለበሱ፣ ፊታቸው የተጨማደደ አዛውንት በጥቁርና ነጭ፣ ወይ ጀርባው የደበዘዘ የቆንጆ ልጅ ፎቶ። የምንመርጠው ፎቶውን ነው ወይስ ሰውየውን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ነው። የተጨማደደ ቆዳ ከጎን ብርሃን ካገኘ ፎቶ አንሺው ብዙ ሳይለፋ ጥልቀት ያለው ሥራ ይመስላል። ጣዕምን ከምርጫ ማውጣት አይቻልም፤ የእናንተ ችግር ግን ግማሹ የአቆጣጠር ነው።

በሦስት መራጮች እናስላው። ሁለቱ ለፎቶ «ሀ» 7፣ ለፎቶ «ለ» 6 ሰጡ። ሦስተኛው አዛውንት ሲያይ ልቡ የሚርድ ነውና ለ«ሀ» 2፣ ለ«ለ» 9 አለ። ድምሩ «ሀ» 16፣ «ለ» 21። ከሦስቱ ሁለቱ «ሀ»ን እያስበለጡ «ለ» አሸነፈ ማለት ነው። ነጥብ የሚቆጥብ አባል ከ2 እስከ 10 በሚዘረጋው ይዋጣል። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ነጥብ መጣል የተለመደ መላ ነው፤ እኛ ግን አንወደውም። አንድ ሰው ብቻ ከልቡ የወደደውን ደፋር ሥራ ቀጥቶ፣ ሁሉም መካከለኛ ያለውን ይጠቅማል። ነጥቡን ተዉትና እያንዳንዱ አባል ሦስት ፎቶ በደረጃ ይምረጥ፤ አንደኛው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ያግኝ። ያኔ የሁሉም ድምፅ እኩል ይመዝናል።

ድምፁ በልብ ምልክትም አይሁን፤ ልብ የበዛበት ፎቶ ሌላ ልብ ይጠራል። ምርጫውን የማይወዳደር አንድ ሰው በውስጥ ይቀበል። ፎቶዎቹ በፋይል ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላኩ ቴሌግራም ይጨምቃቸዋል። በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ፊት ብቻ የሞላበት፣ ቀለሙ የጮኸ ፎቶ ይገንናል፤ ሸክላ ሠሪዋን ከነሥራ ቦታዋ ያሳየው ይሞታል። ከተቻለ በአንድ ላፕቶፕ ወይም ፕሮጀክተር ላይ፣ በቁጥር ብቻ፣ ስም ሳይጠራ ይታዩ። መጀመሪያ ሁሉንም ለአምስት አምስት ሰከንድ አሳልፉ፤ በዚህ ዙር ማንም አይምረጥ። በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉን ቀያይሩ።

«ጨለማ ነው» የሚለው አስተያየት ላይ ግን ቆም በሉ። ነጭ ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ሁሉን ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትት ፊቱ ይጠቁራል፤ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ያላሳደገ ሰው ስህተት ሠርቷል። ሆን ተብሎ የጨለመ ፊት ሌላ ነው። ለመለየት ዓይኑን እዩ፦ ብሌኑ ላይ የብርሃን ነጥብ ካለ፣ ወደ ካሜራው የቀረበው ዓይን ጥርት ብሎ ከወጣ፣ ጥላ ያረፈበት ጉንጭ ላይም ቆዳው ከታየ፣ ጨለማው የፎቶ አንሺው ምርጫ ነው። በተቃራኒው «ፈካ ያለ» እየተባለ ድምፅ የሚያገኘውን ፊት ከጆሮው፣ ከአንገቱና ከእጁ ጋር አስተያዩት። ፊቱ ብቻ ከነጣ፣ የወደዳችሁት ኤዲቱን ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶው ላይ ያለችው የአንዱ አባል እህት ብትሆንስ? ወንድምየው ይምረጥ?

መልስ፦ ይምረጥ፤ የራሱንና የእህቱን ፎቶ ግን አይንካ። ከዚያ የሚሻለው ግን በየሦስት ወሩ አንዴ ለሁሉም አንድ ሞዴል መመደብ ነው፦ አንድ ሰው፣ አንድ መስኮት፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ አንሺ 15 ደቂቃ። መልኩ ለሁሉም እኩል ስለሆነ የሚያከራክራችሁ ብርሃኑ፣ የእጁ አቀማመጥና ፎቶው የተነሳበት ቅጽበት ብቻ ይሆናል። ሞዴሉን ግን በዕጣ ምረጡ፤ አለዚያ ክርክሩ እዚያው ይጀመራል።