ከአያት ስለወረደ ስጋጃ ሽያጭ፦ ለደብረ ማርቆሷ እህቴ

እህቴ፣ ከአያትዎ የወረሱትን ስጋጃና አንድ ባና (ከበግ ፀጉር የተሸመነ ብርድ ልብስ) በቴሌግራምና በፌስቡክ ለመሸጥ እንዳሰቡ፣ ከዚያ በፊትም ስጋጃውን አሳጥበውና አስጠግነው ለማቅረብ እንደሚፈልጉ ጽፈው፣ ውጭ አገር ላለ ገዢ መላክ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ብቸና ከነበረው ከአባቴ እናት ቤት የወጣ ስጋጃ በዚሁ መንገድ ሸጫለሁ፤ በመሐል የደረሰብኝ እንግልት በእርስዎ ላይ እንዳይደርስ ጥቂት ነገር ልንገርዎት።

1. አያሳጥቡት፣ አያስጠግኑትም። የቆየ ስጋጃ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ሲታሽ ቀዩ ቀለም ይለቅና ነጩን መደብ ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ቀለሙ የሚለቅ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ አርጥበው በአንዱ ጥግ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተጭነው ማየት ይበቃል። የተበላ ቦታ ቢኖርም እንዳለ ይተውትና ፎቶ አንሥተው በግልጽ ያሳዩ፤ ሥራውን የሚያውቅ ገዢ በባዕድ ክር ከተጣፈ ስጋጃ ይልቅ ቀዳዳው የሚታየውን ይመርጣል። ብል ብርሃንና እንቅስቃሴ የሌለበትን ቦታ ስለሚወድ፣ ከአልጋ ወይም ከሣጥን ሥር የኖረውን ወገን በደንብ ይመርምሩ።

2. የጀርባውን ፎቶ ያንሡ። ሁሉም ሰው ፊቱን ብቻ አንሥቶ ይለጥፋል፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን በጀርባው ነው። በእጅ የተሠራ ስጋጃ ሲገለበጥ ቋጠሮው አንድ በአንድ ይታያል፣ የፊቱ ንድፍም በጀርባው ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ረድፉም ፍጹም እኩል አይሆንም። በሁለቱ ጫፎች ያለው ዘርፍ የራሱ የድሩ ቅጥያ ነው፤ በማሽን በተሠራው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ተሰፍቶ የተቀጠለ ሆኖ ያገኙታል። ሱፍ መሆኑን ለማረጋገጥ ከጸጉሩ ትንሽ ክር መዝዘው ያቃጥሉ፤ ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቅቃል፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን ቀልጦ ደረቅ እንክብል ይሠራል። ክሩን ከዘርፉ አይምዘዙ፤ ድሩ ብዙ ጊዜ ጥጥ ስለሆነ እንደ ወረቀት ይሸትና ያሳስትዎታል። «አንቲክ» የሚለውንም ቃል በቀላሉ አይጻፉ፤ በንግዱ ልማድ ከ100 ዓመት በላይ ለሆነው ብቻ የሚባል ስለሆነ፣ ማስረጃ ከሌለዎት «የቆየ» ማለት ይበቃል።

እኔ የስጋጃዬን አንድ ጥግ ገልብጬ፣ ማስመሪያ አስደግፌ፣ በማለዳ ብርሃን ከመስኮት ሥር ያነሣሁት ፎቶ ነው ዋጋውን ያወጣልኝ። ከዚያ በፊት «የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?» እያሉ ከሚያስቸግሩኝ ደላሎች በቀር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ፎቶው ከወጣ በኋላ ግን በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር ስንት ቋጠሮ እንዳለው የሚጠይቁ፣ የሚያውቁ ሰዎች መጡ። አንዲት ውጭ አገር የምትኖር ገዢም ዋጋውን ሳትከራከር ተስማማች።

3. ወረቀቱን አስቀድመው ያዘጋጁ። የእኔ ቁስል ያለው እዚህ ላይ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ነገር ለሽያጭ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቅርስ ያልሆነ ነገር ደግሞ የቆየ ከመሰለ «ቅርስ አይደለም» የሚል ማረጋገጫ ሳይኖረው አያልፍም። ይህን ስለማውቅ በቅድሚያ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሄድኩ። ባለሙያው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ የተጠቀለለውን ስጋጃ እንኳ ሳይፈታ፣ «አንድ አሮጌ ምንጣፍ ተሸክመህ ቅርስ ነው አይደለም እያልክ ሰው ሥራ ታስፈታለህ?» ብሎ አሰናበተኝ። ስጋጃውን ይዤ አባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ ስደርስ፣ በመላኪያው መስኮት ያለችው ሠራተኛ ጫፉን ገለጥ አድርጋ አየችና «ይህ የቆየ ነው፣ ደብዳቤ ያምጡ» አለች። ተመልሼ ደብዳቤ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ቅርስ ላልሆነ ነገር ደብዳቤ አንጽፍም» የሚል ነበር። አንዱ ቅርስ አይደለም ብሎ አይጽፍልኝም፣ ሌላው ቅርስ ሊሆን ይችላል ብሎ አያሳልፈኝም፤ በዚህ መሐል ገዢዋ መጠበቅ ሰልችቷት ሐሳቧን ቀየረች። የከፈልኩት የመጓጓዣ ገንዘብ ሳይሆን እንደ ለማኝ መቆጠሬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በቃል አይጠይቁ። ማመልከቻ ይጻፉ፤ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ፣ ርዝመቱንና ስፋቱን፣ ከማን እንደወረሱት የሚገልጽ ጽሑፍ አያይዘው መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉና ቁጥሩን ይያዙ። የገቢ ቁጥር ያለው ወረቀት በእጄ ከሆነ በኋላ ያው ባለሙያ አክብሮ አስቀምጦ አነጋግሮኛል፣ መልሱንም በጽሑፍ ሰጥቶኛል። ወደ ውጭ ለመላክ ግን የመጨረሻው ማረጋገጫ የሚሰጠው በፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ያንን ሳይጨርሱ ከውጭ ገዢ ቀብድ አይቀበሉ። እኔ በመጨረሻ የሸጥኩት አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ነው፤ ደላላው ሰጥቶኝ ከነበረው ዋጋ እጥፍ በላይ ከፍሎኛል፣ ስጋጃውንም በሚገባው ቦታ አንጥፎታል።

ጀርባው ላይ በቀለም የተጻፈ የታቦት ወይም የደብር ስም ካለበት ግን አይሸጡት። በስዕለት የገባ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪ ያነጋግሩ።

ገንዘብ ገብቷል የሚል መልእክት ቢያሳዩዎት የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ሳያዩ ዕቃውን አያስረክቡ። ሲልኩት አጥፈው ሳይሆን ጠቅልለው ይላኩት፤ ታጥፎ የከረመ ስጋጃ መታጠፊያው ላይ ድሩ ይሰበራል።

ባናውን ከስጋጃው ጋር አንድ ላይ አያቅርቡት። ባና በድርና ማግ ብቻ የሚሠራ እንጂ ቋጠሮ ያለው አይደለምና በስጋጃ ዋጋ የሚጠብቀው ገዢ ቅር ይለዋል፤ ለብቻው፣ የበግ ፀጉሩ የየት አገር እንደሆነና ማን እንደሸመነው ካወቁ ያንን ጽፈው ያቅርቡት። የስጋጃውን የጀርባ ፎቶና ልኩን እዚሁ ቢያስቀምጡልኝ የእጅ ይሁን የማሽን እነግርዎታለሁ፤ ዋጋ ግን በእጄ ሳልይዘው አልገምትም።