የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዩሪያው ካለ ኤንፒኤሱ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ የምሰራው አዲስ አበባ ነው፣ አባቴ ግን ምስራቅ ጎጃም ማቻከል ነው የሚያርሰው፣ ጤፍና ስንዴ። የማዳበሪያውን ብር የምልከው እኔ ነኝ። አሁን "ኤንፒኤሱን ብበትን ባልበትን ለውጥ አላይም፣ ዩሪያው ግን በሳምንቱ ማሳውን አረንጓዴ ያረገዋል፣ ስለዚህ ዩሪያ ብቻ ግዛልኝ" አለኝ። መሬቱ ቀይ አፈር ነው። ልክ ነው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ያዩት ነገር እውነት ነው፣ በዩሪያ ብቻ ግን እንዳይዘሩ እባክህ ለምናቸው። ዩሪያ 46 ከመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ፎስፌት የሚባል ነገር የለበትም፣ እሱን የሚሰጠው ኤንፒኤሱ ነው። ናይትሮጅን ደግሞ ስራው ቅጠል ላይ ስለሆነ ቶሎ ለዓይን ይታያል። የፎስፌት ስራ ሥር ላይ ነው፣ ከመሬት በታች፣ ማን ያየዋል? የሚታየው ሲጎድል ነው፣ ሰብሉ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ጎረቤት ሲያጭድ ያንተ ገና ነው። ጤፍ ላይ ሌላም መዘዝ አለ፣ ናይትሮጅን ሲበዛበት አገዳው ይረዝምና ይለሰልሳል፣ ከዛ ዛላው ሲከብድ ዝናብና ንፋስ ሲመታው ይጋሽባል፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ መሬት ላይ ተኝቶ ቀረ ማለት ነው።

ኤንፒኤስ በኩንታል 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌትና 7 ኪሎ ሰልፈር አለው። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ በኩንታል 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት አለው፣ ሰልፈር ግን የለውም (ብዙ ገበሬ ኤንፒኤሱንም አሁን ድረስ ዳፕ ነው የሚለው)።

ታዲያ ለምን ለውጥ አላዩም? እኔ የምጠረጥረው አፈሩን ነው። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ ላይ አሲዳማ ሆኗል፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፌቱን ይይዙታል፣ ማዳበሪያው መሬት ውስጥ አለ ግን ሥሩ አያገኘውም፣ አሉሚኒየሙ ራሱ ደግሞ ሥሩን ያሳጥረዋል። እንዲህ ያለ ማሳ ላይ የማዳበሪያ መጠን መጨመር ብር መቅበር ነው። የሚያስፈልገው የአፈሩን አሲድ የሚቀንስ ኖራ ነው። ኖራው ከመዘራቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መቀላቀል አለበት፣ ስንት እንደሚበቃ ደግሞ በግምት አይሆንም፣ አፈሩ መመርመር አለበት። አባትህ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ያናግሩ፣ ናሙናው ከአንድ ቦታ ብቻ እንዳይወሰድ፣ ከማሳው ከተለያየ ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተቆፍሮ ተቀላቅሎ ይሁን። ኖራ በቶን ነው የሚጠየቀው፣ ማጓጓዣውም ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ሁሉንም ማሳ ባንዴ ካልቻላችሁ አንዱን ጀምሩ።

ብር ካነሰም ኤንፒኤሱን ሙሉ በሙሉ አትተዉት። ፎስፌት አፈር ውስጥ ከተቀመጠበት ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ሲዘራ በመስመር ከዘሩ አጠገብ ቢገባ ከመበተን ይሻላል፣ ዘግይቶ ላዩ ላይ ቢበተን ግን ያመለጠውን አይመልስም። ዩሪያው ግን ለሁለት ይከፈላል፣ ከፊሉ ሲዘራ፣ ቀሪው ከመጀመሪያው አረም በኋላ ሰብሉ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ማውጣት ሲጀምር። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ውሃ ግን ያልተኛበት ቀን ይምረጡ። ደረቅ ፀሐይ ላይ ተበትኖ አፈር ካልለበሰ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ አየር ላይ ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ብር የወጣበት ነገር።

ጥያቄ፦ ከሰሜን ሸዋ ነኝ፣ ባቄላዬ ላይ ዩሪያ ልጨምርበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ተይው። ባቄላ ሥሩ ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካኝነት ናይትሮጅኑን ከአየር ያገኛል፣ ዩሪያ ሲበዛበት እንደውም ያንን ስራ ይቀንሳል። የሚፈልገው ፎስፌት ነው። ማበብ ሲጀምር አንድ ሁለት እግር በአካፋ ቀስ ብለሽ ንቀይና ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች ሰንጠቅ አርገሽ እዪ፣ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው ስራ ላይ ነው። ነጭ ወይ አረንጓዴ ከሆኑ፣ ወይ እባጩ ጭራሽ ከሌለ፣ ለከርሞ ዘሩ ሲዘራ አብሮ የሚለወሰውን የባቄላ ባክቴሪያ ከግብርና ባለሙያ ጠይቂ። የባቄላ መሆኑን አረጋግጪ፣ የሽንብራው ለባቄላ አይሰራም።