ላፕቶፑ ነው ወይስ መስመሩ? የሊኑክስ ኔትወርክ ሲቆራረጥ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ኢንተርኔቱ አለ፣ ድንገት ጭልጥ ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። አራቱን መርጫለሁ።

ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ የጫንኩበት ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩ በየአስር ደቂቃው ይቆረጣል። ስልኬ ግን በዚያው ዋይፋይ ደህና ነው። ሲስተሙን እንደ አዲስ ልጫነው?

ኧረ ተው፣ አትድከም! መጀመሪያ የዋይፋዩን የባትሪ ቁጠባ አጥፋው። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች በቁጠባው ምክንያት እንቅልፍ ይወስዳቸውና ቶሎ አይነቁም። ግንኙነቱን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ በኔትወርክ ማናጀር፣ ማስተካከያ ፋይሎች ውስጥ ስለ ዋይፋይ ፓወርሴቭ የሚናገር አንድ መስመር አለ፣ ኡቡንቱ ላይ ብዙ ጊዜ 3 ተብሎ ተጽፏል። 3 ማለት ቁጠባው ይሥራ፣ 2 ማለት ይጥፋ ነው። ወደ 2 ቀይረህ ሪስታርት አድርግና አንድ ቀን ተጠቀምበት።

ጥፋቱ የኔ ኮምፒውተር ይሁን የመስመሩ በምን አውቃለሁ?

ይሄን ጥያቄ ሁሉም ሰው ቀድሞ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በሽታው የት እንዳለ ሳናውቅ ነው መድኃኒት የምንጀምረው። እህቴ፣ ሁለት ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ጎን ለጎን ክፈቺ። በአንዱ ራውተርሽን ፒንግ አድርጊ (ፒንግ በየሰከንዱ «አለህ?» እያለ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው)፣ የራውተሩ አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። በሌላው ከቤትሽ ውጭ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል አድራሻ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርጊና ሁለቱንም ትተሻቸው ሥራሽን ሥሪ። ሲቆረጥ ተመልሰሽ እያቸው። ሊኑክስ መልስ ሲያጣ ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚለው፣ ስለዚህ በየመልሱ ላይ የሚታየውን ተራ ቁጥር ተከተይ፤ ከ41 ዘሎ 58 ላይ ከቀጠለ 16 ሰከንድ ያህል ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ራውተሩም ካልመለሰ ችግሩ እዚያው ቤትሽ ውስጥ ነው፣ ካርዱን፣ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ወይም ራውተሩን ጠርጥሪ። ራውተሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ብቻ ከጠፋ ላፕቶፕሽን አትንኪው፣ አገልግሎት ሰጪሽ ጋ ደውይና የተቆረጠበትን ሰዓት ንገሪያቸው። ሁለቱም እየመለሱ ድረ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) ቀይሪ።

እኔ በኬብል ነው የምጠቀመው፣ ግን እሱም ይቆረጣል። ፍጥነቱም ከ1000 ወደ 100 ወርዷል።

ኬብሉን ቀይረው። 1000 ሜጋቢት ስምንቱንም የኬብሉን ሽቦዎች ይፈልጋል፣ 100 ግን በአራት ይሠራል፤ ስለዚህ አንድ ሽቦ ቢላላ ፍጥነቱ እንዲህ ሊወርድ ይችላል። እኔ ራሴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ድራይቨር ስቀያይር ከርሜ፣ ለካ ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መንጠቆ ተሰብራ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ሶኬቱ ትንሽ ወጣ እያለ ነበር። የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መልእክት ባየው ኖሮ ሊንኩ ወደቀ፣ ሊንኩ ተነሳ የሚል መስመር ተደርድሮ አገኘው ነበር። አንተ ዛሬውኑ እየው።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስሰካ ዋይፋዩ ይጠፋል። ይሄ ሊሆን ይችላል?

አዎ፣ ይሆናል። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ የሚረጨው የሬዲዮ ጩኸት 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚያርፍ የዋይፋዩን ሲግናል ይሸፍነዋል። ራውተርህ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ ተሻገር። ከሌለው ዲስኩን ረዘም ባለና ጥሩ ሽፋን ባለው ኬብል ከላፕቶፑ አርቀው።