ለወጣት ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ስለ አንድ ፎጣ

ሰሞኑን ከእናንተ አንዷ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ታካሚ ቢከሰኝ የሚያድነኝ የትኛው ኢንሹራንስ ነው?» አለችኝ። ገና ሥራ መጀመሯ ነው። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ እኔን ግን ሌላ ቦታ ይዞኝ ሄደ። ብዙ ዓመት ስሙን ያላነሳሁትን ሰው አስታወሰኝ።

አስቀድሜ ለጥያቄዋ ልመልስ። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጉዳቱ የደረሰው ውሉ ጸንቶ ሳለ ከሆነ፣ ክሱ ከዓመታት በኋላ ቢመጣም ይሸፍናችኋል። ሌላኛው ግን ክሱም ውሉ ሳያበቃ ካልቀረበ አይሸፍንም። ሁለተኛውን ይዛችሁ ውሉን ብታቋርጡ፣ ያኔ ስላከማችሁት ሰው በኋላ ስትከሰሱ ያለ ሽፋን ልትቀሩ ትችላላችሁ። ሳትፈርሙ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ስለ ኢንሹራንስ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ።

ጀማሪ ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ አንድ የረጅም ጊዜ ባለሙያ ነበር። እጁ የተባረከ ነው። ታካሚዎች ሌሎቻችን ነፃ ሆነን እያዩን እሱን ይጠብቁ ነበር። ሥራውን ከመጽሐፍ ይልቅ እሱን በማየት ነው የተማርኩት። ስትሮክ የመታው ሰው ከአልጋ እንዴት እንደሚነሳ ያሳየኝ እሱ ነው። «በደካማው ጎን ቁም፤ ቀበቶውን ያዝ፤ ክንዱን እንዳትጎትት» ይለኝ ነበር። ዛሬም የደከመ ክንድ ተይዞ ሲጎተት ሳይ ደሜ ይፈላል። ያ ትከሻ የሚይዘው ጡንቻ ላልቷል፣ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል። ይህ ግን ሌላ ጊዜ የማወራው ነገር ነው።

አንድ ቀን ለብዙ ዓመታት ስኳር የነበረባቸው አዛውንት ለክትትል መጡ። ባታቸውን ያማቸዋል። ሆት ፓክ፣ ማለትም በሙቅ ውሃ ተነክሮ የሚያመው ቦታ ላይ የሚደረግ ከረጢት፣ ታዘዘላቸው። እንደምታውቁት ፓኩ የሚቀመጥበት ውሃ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። በፓኩና በቆዳው መካከል ከ6 እስከ 8 እጥፍ ፎጣ የሚደረገው ለዚህ ነው። 5 ደቂቃ ያህል ሲሆነውም ፎጣው ተገልጦ ቆዳው መታየት አለበት።

አዛውንቱ «ኧረ ምንም አይሞቅም» አሉ። ረዳቱ አንድ እጥፍ ፎጣ አነሳ። ጥቂት ቆይተው «አሁንም አልሞቀኝም» አሉ። ሌላም አነሳ። ረዳቱ ደግ ልጅ ነበር፤ ታካሚውን ማስደሰቱ ነበር። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ግን ሰው ሙቀትን በደንብ አይለይም። እንደዚያ ባለ ሰው አፍ «አይሞቀኝም» የሚለው ቃል «አቁሙ» ማለት ነው። ይህን ለረዳቱ የነገረው አልነበረም። ባለሙያው ከመጋረጃው ማዶ ሌላ ታካሚ ይዟል። ከውጭም ወረፋ አለ። ፓኩ ሲነሳ ቆዳው በጣም ቀልቶ ነበር። ማታ ቤታቸው ውሃ ቋጠረ። የስኳር ሕመምተኛ ቁስል ቶሎ አይድንም። ወራት ፈጀ።

ባልደረባዬ በመጀመሪያው ቀን የሙቀት ስሜታቸውን ፈትሼ ነበር ይል ነበር፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ በያዙ ሁለት ብልቃጦች። አምነዋለሁ፤ ለሌሎች ሲያደርገው አይቻለሁ። ካርዱ ላይ የነበረው ግን «ሆት ፓክ፣ ባት፣ ለውጥ አለ» የሚል ብቻ ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ቅሬታው በደረሰን ማግስት ካርዱ ላይ አንድ መስመር ተጨምሮ ተገኘ። «የሙቀት ስሜት ተፈትሿል፣ ደህና ነው» ይላል። ቀን የለውም። በሁለት መስመሮች መካከል ተጨናንቆ ነው የተጻፈው፤ ያየው ሁሉ በኋላ እንደገባ ያውቃል። የጻፈው እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ስለ ፎጣው የጠየቀ የለም፤ ጥያቄው ሁሉ ስለዚያች መስመር ሆነ። ያን ያህል ሰው በእግሩ ያቆመ ባለሙያ እንደ ውሸታም ተቆጠረ። ሙያውን ትቶ ሄደ። እንደሱ ያለ እጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ አዛውንቱ ናቸው። አለቆቻችን ከታካሚውም ከቤተሰቡም ጋር እንዳንነጋገር አዘዙን። እንዴት አደሩ ያላቸው የለም። ቆይቶ ልጃቸውን አገኘኋት። «አባዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከክሊኒኩ ነው ይል ነበር» አለችኝ። «መክሰስን ያነሳነው እኛ ልጆቹ ነን፤ ያውም ማንም እንደማይደውል ሲገባን።» ይህን ስሰማ ያቺን ትእዛዝ ያወጣውን ሰው ምን ያህል እንደተቀየምኩት መግለጽ ይከብደኛል። ጉዳት ከደረሰ የመጀመሪያው ሥራ ታካሚውን ማየት ነው። ምን እንደሆነ በግልጽ ንገሩ፣ ሐኪም ጥሩ፣ ለኃላፊያችሁ አሳውቁ። ማዘን ወንጀል አይደለም።

በብዙ አገሮች ሕግ የሙያ ጥፋት የሚባለው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ለታካሚው ኃላፊነት ነበረባችሁ፤ ጠንቃቃ ባለሙያ የሚያደርገውን አላደረጋችሁም፤ ጉዳት ደረሰ፤ ጉዳቱም የመጣው ከዚያ ጉድለት ነው። ስለዚህ ታካሚ ስላልተሻለው ብቻ ጥፋተኛ አትባሉም። ይህን የምለው እንድትረጋጉ ነው። የፈራ እጅ ደህና አድርጎ አይዝም።

እጅ መታጠብንና ፈቃድ ማሳደስን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ስለ ካርድ ግን ልናገር። የፈተሻችሁትን፣ ለረዳት የሰጣችሁትን ትእዛዝ፣ ታካሚው ያለውን በዚያው ቀን ጻፉ። ከተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ሰርዙት፤ የታችኛው ጽሑፍ ይነበብ። ቀንና ፊርማ አድርጉ። የረሳችሁት ካለ ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን ገልጻችሁ በተጻፈበት ቀን አስገቡት። ዘግይቶ መጻፍ ያስወቅስ ይሆናል እንጂ እንደ ማስመሰል አያጠፋም።

እናንተ ልጆች ከእኛ ይልቅ ብዙ ትጽፋላችሁ። ችግሩ የትናንቱን ገልብጣችሁ ዛሬ ላይ መለጠፋችሁ ነው። የሚታከመው ግራ ጉልበት ሆኖ ሳምንት ሙሉ ቀኝ ጉልበት የሚል ማስታወሻ አንብቤያለሁ። ደግሞ ታካሚው ሲያወራ ዓይናችሁ ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ያ ባለሙያ ዓይኑን ከታካሚ አይነቅልም ነበር፤ ያጠፋውም ካርዱ ነው። ጻፉ እያልኩ መጻፋችሁን እየወቀስኩ ነው፤ ሁለቱንም ግን ከልቤ ነው የምለው።

አንገት በቪዲዮ ፊት ሲያንቋቁ ሳይም ያመኛል። አዲስና ከባድ የአንገት ሕመም ወይም ራስ ምታት ያለበት ሰው፣ በተለይ ካዞረው፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም መዋጥ ካቃተው፣ ችግሩ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይጠይቁ አንገት ማዞር ድፍረት አይባልም።

ጎበዝ የምትባሉትም ሳትቀሩ የምትዘሉት አንድ ጥያቄ አለ። ወገቡን ያመመውን ሰው ስለ ሽንቱና ስለ መቀመጫው መጠየቅ ታፍራላችሁ። እሱም ሳትጠይቁት አይነግራችሁም፤ ከወገቡ ጋር መገናኘቱን አያውቅማ። በግልጽ ቋንቋ ጠይቁ። ሽንትዎ አልወጣ ይልዎታል? ሳያውቁት ያመልጥዎታል? ሰገራስ? ብልትዎና መቀመጫዎ አካባቢ ደንዝዟል? ሁለቱም እግርዎ እየደከመ ነው? በወገብ ታች ያለው የነርቭ ጥቅል ተጨንቆ ከሆነ ሰዓቱ ውድ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ሲዘገይ ሽንቱ ላይመለስለት ይችላል። እንዲህ ያለ መልስ ከሰማችሁ ሕክምናውን አትጀምሩ። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። የሰማችሁትን ጽፋችሁ ስጡት፤ ለተረኛው ሐኪምም ራሳችሁ ደውሉ።