ቴሌግራም፣ ቲክቶክ ወይስ ኤትሲ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ አሰፍቼ እሸጣለሁ። ወንድሜ ቲክቶክ ግቢ ይለኛል፤ አሜሪካ ያለችው እህቴ ኤትሲ እንክፈት ትላለች። የልብስ ቅድ ትምህርትም በቪዲዮ በክፍያ ለመስጠት አስቤያለሁ። የቱ ይሻለኛል?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ተከታይ ከመቁጠርሽ በፊት ብሩ በየት በኩል እጅሽ እንደሚገባ እዪ። ኤትሲ ለእጅ ሥራ ጥሩ የኢንተርኔት ገበያ ነው፤ ግን የክፍያ አገልግሎቱ ኢትዮጵያን ስለማይጨምር ከዚህ ሆነሽ ሱቅ አትከፍቺም። እህትሽ በስሟ ከከፈተችው ደግሞ ግብሩም፣ የደንበኛ ቅሬታውም የእሷ ነው፤ ቀሚሱን ማን እንደሠራውም በግልጽ መጻፍ አለባት። ለእያንዳንዱ ዕቃ ለ4 ወር 0.20 ዶላር ትከፍላለች፣ ሲሸጥ 6.5 በመቶ ይቆረጥባታል፣ የክፍያ ማስተናገጃው ለብቻው ነው። የመላኪያውንም ጨምራችሁ አስሉት። እውነቱን ለመናገር፣ ጊዜ ከሌላት ባትጀምሩት ይሻላል።

እዚህ ላለው ደንበኛ ቴሌግራም ይሻልሻል። ቲክቶክ ሰው ይጠራልሻል፤ ቀሚሱ ሲዞር ጥበቡን ማየት ማን ይጠላል? ግን ያ ሰው ለሠርግ ቀሚስ ሲፈልግ ተመልሶ የሚያገኝሽ የቴሌግራም ቻናልሽ ላይ ነው። ቻናሉን በራስሽ ስልክ ቁጥር ክፈቺ። አንዲት የማውቃት ነጋዴ ቻናል የከፈተላት ልጅ ጋር ስትጣላ ሁሉንም ደንበኛ ይዞባት ሄደ፤ ለካ እሷ አድሚን እንጂ ባለቤት አልነበረችም። አካውንትሽን ሌላ ሰው እንዳይገባበት በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ሁለተኛውን የይለፍ ቃልም (Two-Step Verification) ዛሬውኑ አስገቢ።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን በናትሽ ተዪው። ሰው ለመጠየቅ ያፍርና ያልፍሻል። ዋጋውን፣ ጥልፉ የእጅ ይሁን የማሽን፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ ጻፊ። ደንበኛ ከፍያለሁ ብላ ስክሪንሾት ስትልክልሽ ቀሚሱን ለሞተረኛው አትስጪ፤ መጀመሪያ ቴሌብርሽን ወይም የባንክ ሂሳብሽን ከፍተሽ ብሩ መግባቱን እዪ። የተቀነባበረ ስክሪንሾት ስንቱን አስለቅሷል።

ለትምህርቱ ቴሌግራም ላይ በሊንክ ብቻ የሚገባበት የግል (private) ቻናል ይበቃሻል። ለከፈለች ተማሪ ሁሉ ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግል መግቢያ ሊንክ ስጪ፤ ቪዲዮው እንዳይቀመጥና ወደ ሌላ እንዳይላክ የሚከለክለውንም ምርጫ አብሪው። በሌላ ስልክ የሚቀርጽ አይጠፋም፤ ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ስምሽ ይኑርበት፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የቆረጡትን ጨርቅ ፎቶ እየላኩልሽ አርሚላቸው። በ5 ተማሪ ጀምሪና ዋጋውን ያኔ ወስኚ።